ከምክሩ ጎን የተጻፈ ዋጋ

የልብስ ስፌት ማሽን ጠጋኙ ሽማግሌ አውቶቡስ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር አይወድም። ያን ቀን ግን አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ እያገላበጠች የምታየውን ትንሽ ብረት ሲያይ ዝም ማለት አቃተው። ብረቱ የታችኛው ክር መያዣ ነበር፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ማኅተም ደግሞ የራሱ።

«ምነው እህቴ፣ ዕቃው አልሆነዎትም እንዴ?» አላት።

«ተዉኝ እባክዎ!» አለች። ልብስ ሰፊ ነበረች። «ማሽኔ ክር እየበጠሰ ሲያስቸግረኝ ኢንተርኔት ላይ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። የጻፉት ሰው እጃቸው ይባረክ፤ አጠገቤ ቆመው የሚያሳዩኝ ነው የመሰለኝ። ‹አጭር ክንድ ባለው ቀይሩት› ይላል። ከዚያ መደብራቸውን ፈልጌ ብገባ ስድስት የሚመሳሰሉ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቁጥር ብቻ! ገምቼ አዘዝኩ። አራት ቀን ጠብቄ የመጣልኝ ይኸው፣ ረጅም ክንድ ያለው። የሠላሳ ተማሪ ዩኒፎርም ሰኞ አስረክባለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ጽሑፉን የጻፉትን ሰው ባገኛቸው ጉልበታቸውን እስም ነበር፤ መደብሩን የከፈተውን ሰውዬ ግን ዓይኔ እንዳያየው!»

እንዲህ ተመርቆና ተረግሞ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ይላል?

«ሁለቱም እኔ ነኝ» አለ ጠጋኙ።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለት ፌርማታ አልፈው አብረው ወረዱና ወደ መሥሪያ ክፍሉ ወሰዳት። ክፍሉ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው። መስኮቱ ሥር የእህቱ ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳለች። ጠጋኙ ከአንዱ መሳቢያ አጭር ክንድ ያለውን አውጥቶ በሴትዮዋ እጅ አኖረው፤ የተሳሳተውንም ተቀበላት። «እፎይ!» አለችና ወንበር ሳትጠየቅ ተቀመጠች።

ነገሩን የሰማችው ልጅ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ እኔ ሦስት ዓመት የለመንኩዎትን እትዬ በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ነገሩዎት።»

ጠጋኙ ሁለት ድረ ገጽ አለው። በአንዱ ላይ የጥገና ምክር ይጽፋል፤ ሌላው የመለዋወጫ መደብር ነው። ሁለቱንም የምትንከባከበው የእህቱ ልጅ ናት፤ አገናኛቸዋለሁ ብትለውም እንዳይገናኙ ያዘዛት ራሱ ነው። ግትር ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ግን ምክንያቱን ሳይሰሙ መፍረድ ለማንም አይበጅም።

«ስሚ ልጄ» አለ። «ሰው የሚያምነኝ ለምን ይመስልሻል? ለመሸጥ ስለማልሽቀዳደም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ‹ይህ ማሽን መጠረግ እንጂ ዕቃ አይፈልግም› እያልኩ ስንቱን ባዶ እጁን ሸኝቻለሁ። ከምክሬ ጎን ዋጋ የለጠፍሽ ዕለት ‹ሽማግሌው ለካ የሚያወራው ሊሸጥልን ኖሯል› ይላሉ። ይህን ስም ካጣሁ በኋላ ምን ቀረኝ?»

ልጅቷ መልሷን አለሳለሰችው። «ጋሼ፣ ስም የሚያጠፋው ዋጋ ሳይሆን ውሸት ነው። ጽሑፉ ያለበት ድረ ገጽ ማስረዳት ያውቃል፤ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። መደብሩ ትዕዛዝና ክፍያ ይቀበላል፤ ማስረዳት ግን አይሆንለትም። አንዱንም አላፈርስም፤ እንዲነጋገሩ ነው የማደርጋቸው። ስለ አጭሩ ክንድ የጻፉበት ቦታ ላይ ያው ዕቃ ከነፎቶው ከመደብሩ መጥቶ ይታያል። መደብሩ የገባ ሰውም ከቁጥሩ ሥር የእርስዎን ማብራሪያ ያነባል። ዕቃው ሲያልቅ በሁለቱም ቦታ ማለቁ ይታወቃል፤ እኔም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ከማረም እገላገላለሁ።»

«እሱ ገብቶኛል። የምፈራውን ግን አልመለስሽልኝም።»

«እኔ ልናገር?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አባቴ፣ ምክሩን በነፃ ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እስከ በሩ አድርሰው በሩ ላይ ጣሉኝ። ስድስቱ ፎቶ ላይ ሳፈጥ ማን ነበር ከጎኔ? እርስዎ ዋጋ ሲደብቁ ታማኝ የሆኑ መሰለዎት፤ እኔ ግን የማያስፈልገኝን ገዛሁ።»

ማንም የማያስፈልገውን እንዳይገዛ ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው፣ ጥንቃቄው ራሱ ይህን እንዳደረገ ሲሰማ በጣም አዘነ። ጠጋኙ መነጽሩን አወለቀ።

«እሺ» አለ። «ግን ሳይገዙ የሚሞከረው ነገር መጀመሪያ ይጻፍ፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይምጣ። መደብሩም ውስጥ ቢሆን።»

«እንዳሉ» አለች የእህቱ ልጅ፣ ሐሳቡን ከመቀየሩ በፊት ጣቶቿን ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፎች እየሰደደች።

ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ዕለት ሠላሳውንም ዩኒፎርም አስረክባ ደወለች። ማገናኘቱ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ጠጋኙ እያንዳንዱን ምክር እንደገና አንብቦ የየዕቃውን ትክክለኛ ቦታ ለእህቱ ልጅ አሳየ። ከዚያ ወዲያ ተሳስቶ የሚመለስ ዕቃ ብርቅ ሆነ። ጠዋት ጠዋት «ከስድስቱ የትኛው ነው?» እያለ ያስለፈልፈው የነበረው ስልክም ጸጥ አለ፤ የተረፈውን ጊዜ ለጥገናው አዋለው። ያም ሆኖ ልቡ አላረፈም። «ቅር ያለው ሰው አለ?» እያለ በየቀኑ ይጠይቃታል።

አንድ ቀን ከማያውቁት ሰው መልእክት መጣ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ከትቼው ነበር። ከሥሩ ‹ከመግዛትዎ በፊት በብሩሽ ይጥረጉት› የሚለውን አይቼ ብጠርገው ማሽኑ ሠራ። ትዕዛዙን ትቼዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጠጋኙ ሁለቴ አስነበባት። ከዚያ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ ገዢ እኮ ነው ያጣነው!»

«ተመስገን!» አለ ጠጋኙ።