የእናቲቱ ዘጠኝ እርምጃ

አንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ፣ ከቴአትር አዳራሹ ጀርባ ያለችው የመምህር ሽመክት ጠባብ ቢሮ፤ የልዩ ፍላጎትና የቴአትር ትምህርት ክፍሎች የጋራ ኮርስ መፈተኛ የሆነው ተውኔት ነገ ጠዋት ሊታይ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተማሪዋ ዓይነ ስውሯ ደብሪቱ ነጭ በትሯን ሊነጥቋት እንደመጡባት ጥብቅ አድርጋ ይዛ ተቀምጣለች፤ መጥተውባታልም።

ደብሪቱ፦ አልሰጥም አልኩ እኮ መምህር! በትሬን አልሰጥም።

ሽመክት፦ ለሁለት ሰዓት ነው እኮ የምልሽ ልጄ። ነገ ፌቨን መድረክ ላይ ትይዘዋለች፣ መጋረጃው ሲዘጋ ትመልስልሻለች። ወስዳ አትበላው!

ደብሪቱ፦ እኔ ለሁለት ሰዓት በምን ልሂድ? በፌቨን ዓይን?

ሽመክት፦ አንቺማ ከመጋረጃ ጀርባ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ቃል ለሚጠፋቸው ተዋንያን ታስታውሻለሽ። መሄድ ምን ያደርግልሻል?

ደብሪቱ፦ ኤጭ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ባለፈው ሳምንት በተውኔቱ የዓይነ ስውሯን እናት ሚና ነጥቀው ለፌቨን ሰጡ፣ ዝም አልኩ። ሰኞ "ልብሱ ለእሷም ይሆናል" ብለው የገዛ ቀሚሴን ወሰዱ፣ ዝም አልኩ። ግቢው በር ላይ በተሰቀለው ማስታወቂያ ደግሞ ፎቶዬ አለ አሉኝ። መድረክ ላይ የለሁም፣ በር ላይ ግን ተሰቅያለሁ!

ሽመክት፦ ፎቶሽ ያምራላ! በዚያ ላይ ሰው ያንቺን ፎቶ ሲያይ ይመጣል።

ደብሪቱ፦ ሲመጣ ፌቨንን ያያል።

ሽመክት፦ በይ አሁን ነገሩን አናክርረው። ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዝብሻል። እዚህ ከፊት ለፊትሽ ወደ ቀኝ...

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ። ሲያስቀምጡት ሰምቻለሁ።

ሽመክት፦ ይኸው! ይኸው እኮ ነው ያንቺ ችግር!

ደብሪቱ፦ ሻይ መጠጣቴ?

ሽመክት፦ ብርጭቆውን አንዴ እጅሽን ሰድደሽ አነሳሽው። አልዳበስሽም፣ አላንገጫገጭሽም፣ ጠብታ አላፈሰስሽም። እንዲህ ዓይነት ዓይነ ስውር ማን ያምናል? ባለፈው ሐሙስ ዲኑ ልምምዱን ሊያዩ መጥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን አሉኝ? "ዓይነ ስውሯ የትኛዋ ናት?" መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ደብሪቱ፦ እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ያመሰገኑኝ መስሎኝ።

ሽመክት፦ ምን ምስጋና አለው! "ተመልካቹ አንጀቱ መላወስ አለበት" ነው ያሉኝ። አስቢው እስቲ፤ ሃያ ዓመት የጠፋ ልጅ ተመልሶ ደጅ ቆሟል፣ እናት በኮቴው ታውቀዋለች። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ከአልጋሽ ትነሺና ቀጥ ብለሽ ወደ በሩ! ዘጠኝ እርምጃ! በትርሽን አንዴ መቃኑ ላይ ቀጭ ታደርጊና ትከፍቺለታለሽ። ፖስታ ሊቀበል የወጣ ሰው ነው የምትመስይው!

ደብሪቱ፦ ዕድሜዋን የኖረችበት ቤት በር ይጥፋት? እርስዎስ መብራት ሲጠፋ የቤትዎ በር ይጠፋዎታል?

ሽመክት፦ አዎ፣ ይጠፋኛል!

ደብሪቱ፦ እንግዲህ እሱ የእርስዎ ጉድ ነው፣ የእናቲቱ አይደለም።

ሽመክት፦ አትፈላሰፊብኝ። ቴአትር ማጋነን ነው፤ አንደኛ ዓመት "የትወና መሠረት" ላይ አስተምሬሻለሁ። እውነት ብቻውን መድረክ አይሞላም። ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ንጉሥ ነው እንዴ?

ደብሪቱ፦ አይደለም። ግን እውነተኛውን ንጉሥ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጠው "ዘውድህን አውሰን" አላሉትም።

ሽመክት፦ አቤት አፍ! ይህን አፍ ለመድረክ ብታመጪው ኖሮ...

ደብሪቱ፦ አምጥቼው ነበር፣ ወንበር ላይ አስቀመጡት። የፌቨንን ማጋነን ልንገርዎ? በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ከአልጋው እስከ በሩ ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ትንፏቀቃለች። ግድግዳውን ስታሻሸው ቀለም የምትቀባ ነው የሚመስለው። በበትሩማ ወጥ ታማስልበታለች! የቀረውን ጓደኞቼ ነገሩኝ፤ ዓይኗ ላይ ነጭ ዱቄት ነፍተውባታል።

ሽመክት፦ ሜካፕ ነው።

ደብሪቱ፦ የዳቦ ዱቄት ነው! ሽታው እኔ ጋ ደርሷል። ደግሞ ምራቋን ታዝረበርባለች። ከየትኛው መጽሐፍ ነው መምህር፣ ዓይነ ስውር ምራቁ የሚዝረበረበው?

ሽመክት፦ እሱን እንኳ... እሱን ራሷ ናት የጨመረችው። እኔ አላልኳትም።

ደብሪቱ፦ ተይም አላሏት።

ሽመክት፦ ልምምዱን ያየው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። ከዚህ በላይ ቴአትር ከየት ይመጣል?

ደብሪቱ፦ እኔን ደግሞ አስጠላኝ። ቀሚሴ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ እኔን ሲያቆሽሸኝ ሰማሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ሽመክት፦ ታዲያ ስለዚህ አይደል የምለምንሽ? አንድ ሰዓት ቁጭ ብለሽ አስተምሪያት። እንዴት እንደሚዳበስ፣ ዓይን ወደ ላይ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ አንገት እንዴት እንደሚጣመም...

ደብሪቱ፦ አንገቴ ጠማማ ነው?

ሽመክት፦ ያንቺ አይደለም። ግን ጠመም ሲል ያሳዝናል።

ደብሪቱ፦ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ሳያቋርጡ ይስሙኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሰልፉንና ያዘምሩናል። አንድ ቀን አዲስ ጫማ ተሰጥቶኝ፣ ደስታው አላስችል ብሎኝ እየዘመርኩ ፈገግ አልኩ። ሞግዚቷ ከኋላ መጥታ ጎኔን በጥፍሯ ቆነጠጠችኝ። "ፈገግ አትበይ፣ እንግዳ አለ" አለችኝ። እንግዳው ካለቀሰ ብርድ ልብስ ይመጣል፤ ከሳቅን አይመጣም። ቴአትርን ከልዩ ፍላጎት ጋር ደርቤ ልማር ብዬ ሁለቱን ቢሮ ደጅ የጠናሁት ለምን ይመስልዎታል? ተመርቄ እዚያው ልመለስና እነዚያን ልጆች መድረክ ላይ ላስቃቸው ብዬ ነው። በእንግዳ ፊት! እርስዎ ግን በሃያ ሁለት ዓመቴ ያንኑ ጎኔን ቆነጠጡኝ።

ሽመክት፦ ...ይህን አላውቅም ነበር።

ደብሪቱ፦ አልጠየቁኝማ። ሦስት ዓመት በልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስለ ዓይነ ስውር ተማርኩ፣ በሁሉም "ኤ" አገኘሁ። እርስዎ ዘንድ መጥቼ ዓይነ ስውር ሆኜ ብጫወት "ሲ" ሰጡኝ! እናቴ ብትሰማ "ከተወለድሽ ጀምሮ የሠራሽውን ሥራ እንዴት በሲ ታልፊያለሽ?" ብላ ታለቅሳለች።

ሽመክት፦ እሱ የልምምድ ውጤት ነው፣ ይስተካከላል። በትሩን ከሰጠሽ፣ ነገም ከመጋረጃ ጀርባ በደንብ ካገዝሽ ቢ አደርግልሻለሁ። ከቀረሽ ግን የትርኢቱ አርባ በመቶ ዜሮ ነው፤ ኮርሱን ከከርሞ ተማሪዎች ጋር ትደግሚያለሽ፣ ምረቃም ዘንድሮ የለም። የዲኑ ውሳኔ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?

ደብሪቱ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ዱቄቱንም ዲኑ ናቸው የነፉት?

ሽመክት፦ የኔንም ጭንቅ እዪልኝ እንጂ! ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌክቸረር ተብዬ እዚችው ቢሮ ውስጥ ሸበትኩ። ነገ የሚመጡት የውጭ ፈታኝ፣ ዶክተር አዝመራው የሚባሉት፣ ይህን የጋራ ኮርስ "ይበል" ካሉት ረዳት ፕሮፌሰርነቴ ይጸድቃል። ስማቸውን በደብዳቤ ብቻ ነው የማውቀው፤ ግን ኃይለኛ ናቸው አሉ። አንዲት ስህተት አታመልጣቸውም አሉ።

ደብሪቱ፦ እና ምራቁ ለእሳቸው የተደገሰ ነው?

ሽመክት፦ እንግዳ ዓይን የሚሞላ ነገር ይፈልጋል! ስንት ሰዓት መንገድ ተጉዞ የመጣ ሰው፣ ዘጠኝ እርምጃ አይቶ ይመለስ?

ደብሪቱ፦ መምህር፣ ከሁለት ወር በፊት ተውኔቱን በብሬል ጻፊልኝ ብለውኝ አልነበር?

ሽመክት፦ ብዬሻለሁ። እሱ ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ደብሪቱ፦ ለምን ነበር ያጻፉኝ?

ሽመክት፦ የዲኑ ቢሮ "አንድ ቅጂ በብሬል ይላክ" አለኛ! አካታች ምናምን ይሉታል፣ ሪፖርት ላይ ያምርላቸዋል። ጻፍሽ፣ ታሸገ፣ ተላከ፤ አለቀ።

ደብሪቱ፦ ለማን እንደሚላክ አልጠየቁም?

ሽመክት፦ ምን አስጠየቀኝ! መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ነዋ።

ደብሪቱ፦ ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። "ብሬሉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ? ስልክሽን ከጸሐፊዋ ወስጄ ነው። ገጽ ዐሥራ ሁለት ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ዐሥራ ሦስት ግን የለም" አሉኝ። በሀፍረት ሞትኩ። የጎደለውን ገጽ በስልክ አነበብኩላቸው።

ሽመክት፦ ማን ናቸው ደግሞ?

ደብሪቱ፦ ሲጨርሱ ምን አሉኝ? "እናቲቱ ከአልጋዋ እስከ በሩ የምትሄዳትን ዘጠኝ እርምጃ ለመስማት ቸኩያለሁ። ነገ እዚያው እንገናኝ" አሉኝ።

ሽመክት፦ ለመስማት?

ደብሪቱ፦ ለመስማት።

ሽመክት፦ ቆይ... ቆይ እስቲ። ዶክተር አዝመራው ናቸው?

ደብሪቱ፦ ናቸው። ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ አያዩም።

ሽመክት፦ እመ ብርሃን!

ደብሪቱ፦ አሁን ያን ሁሉ ዱቄት ለማን ነው የሚያሳዩት?

ሽመክት፦ በሞትኩት! ዐሥራ ዘጠኙ እርምጃ... ግድግዳው... ምራቁ!

ደብሪቱ፦ ምራቁማ ጥሩ አድርጎ ይሰማል።

ሽመክት፦ ስለ እኔ ምን አልሻቸው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን አልሻቸው?

ደብሪቱ፦ "እናቲቱን የምትጫወተው ማን ናት?" አሉኝ። "ነገ ይሰሟታል" አልኳቸው። ሰው ከኋላው አላማም፤ ይኸው ከፊትዎ እየተናገርኩ አይደል?

ሽመክት፦ ተባረኪ! ደብሪቱ፣ ልጄ፣ ሚናውን ውሰጂ። አሁኑኑ። የአንቺ ነው፣ ድሮም የአንቺ ነበር።

ደብሪቱ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሽመክት፦ እግርሽ ላይ ልውደቅ?

ደብሪቱ፦ ይህኛውስ ከፊተኛው በምን ይሻላል? ሰውየው የሚያዩ ቢሆኑ ዱቄቱ ይቀጥል ነበር። እኔን ሰምተው አይደለም ሚናዬን የሚመልሱልኝ፤ እሳቸውን ፈርተው ነው። ይህም ያስጠላኛል፣ ይወቁት።

ሽመክት፦ ያስጠላሽ። እኔም ራሴን አስጠላኝ። ግን ልጆቹንም እኔንም ነገ ገደል አትክተቺን።

ደብሪቱ፦ ቀሚሴ ዛሬውኑ ታጥቦ ይምጣ። ፌቨን ፊቷን ትታጠብና እንደ ቀድሞዋ ወሬኛዋን ጎረቤት ትጫወት፤ ማሳቅ ታውቅበታለች፣ በሷ አልፈርድም። ለዲኑ ደግሞ "ዓይነ ስውሯ የትኛዋ ናት" ብለው እንዳይደግሙ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።

ሽመክት፦ እነግራለሁ። ሁሉንም አደርጋለሁ። ወይኔ፣ ዶክተሩን መኪናው ድረስ ሄጄ የምቀበላቸው እኔ ነኝ! ምን አድርጌ ነው የማስገባቸው? በብብታቸው ልግባ? ወገባቸውን ልያዝ?

ደብሪቱ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መግቢያ፣ ሁለተኛ ሳምንት። የጋራ ኮርሱ መምህር አይደሉ እንዴ?

ሽመክት፦ የእናንተን ክፍል ድርሻ የእናንተ መምህራን ናቸው የሚያስተምሩት። እኔ... አልገባሁም ነበር።

ደብሪቱ፦ አይጎትቷቸው፣ ከኋላም አይግፏቸው። ክንድዎን ይስጡ፣ እሳቸው ይይዙዎታል። እንዲገባዎት ይነሱ እስቲ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ።

ሽመክት፦ አሁን?

ደብሪቱ፦ አሁን። ዓይነ ስውርነት አስተምሪ ሲሉኝ አልነበር? ከጠረጴዛዎ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፣ ስገባ ቆጥሬዋለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሸበቱበት ቢሮ ነው። ይሂዱ።

ሽመክት፦ እሺ፣ ጨፈንኩ። እ... አንድ... ሁለት... ይህ ምንድን ነው? ወንበር ነው? ቆይ፣ ጠረጴዛው ወዴት ሄደ... ኡ!

ደብሪቱ፦ ሻዬን ደፉት።

ሽመክት፦ ሱሪዬ ላይ! ግድግዳው ራሱ ጠፋኝ እኮ! ደብሪቱ፣ በሩ የታለ? እጅሽን ስጪኝ!

ደብሪቱ፦ እጅዎን ዘርግተዋል?

ሽመክት፦ ሁለቱንም!

ደብሪቱ፦ አንገትዎስ?

ሽመክት፦ አንገቴ... ጠመም ሳይል አልቀረም።

ደብሪቱ፦ እንኳን ደስ አለዎት መምህር፣ ዲኑ የፈለጉት ዓይነ ስውር ተገኘ። እናቲቱን ግን እኔ ነኝ የምጫወታት።