ሪባን የታሰረለት የብረት በር

ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባት ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። ስንዴው ከታጨደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የገበሬው ሴት ልጅ ሰርግ አራት ቀን ቀርቶታል።

ገበሬው ቃል የሚቆጥር ሰው ነው። ጠዋት «ተነሱ» ይላል፣ ማታ «ዝጉት» ይላል፤ በመሃል ያለውን ሥራው ይናገርለታል። ሚስቱ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከእሱ የሰማሁት ወሬ ቢጠራቀም አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም ትላለች። እንዲህ ያለው ሰው ያን ቀን ረፋድ ላይ የዓመታት ወሬውን በአንድ ጊዜ አወጣው። ወሬው የደረሰው በሩ መሬት እየፋቀ አልዘጋ ስላለ ሞረድና የማጠፊያ ግራሶ ይዞ ለመጣው ወጣት በያጅ ነው።

በሩ አዲስ ነው። ብረት ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ከላይ በኩል በብየዳ የተጻፈ ጽሑፍ አለው፦ «ለአባቴና ለእናቴ፣ ለአርባኛ ዓመታችሁ»። ገበሬውና ሚስቱ ለሰርጉ ጉዳይ ወደ አማቾቻቸው ሄደው አራት ቀን ሲቆዩ፣ ከከተማ የመጣው የበኩር ልጃቸው አሮጌውን የእንጨት በር ከነመቃኑ አስነቅሎ ይህን አስተከለላቸው። እጀታው ላይ ቀይ ሪባን አስሮ ደጅ ላይ ጠበቃቸው። ገበሬው በሩን አየ፣ ሪባኑን አየ፣ «እህ» አለና ገባ። ይህ የሆነው ትናንት ነው።

አሁን የበኩር ልጁ ከበሩ ወዲያ፣ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ገበሬው ከበሩ ወዲህ፣ በአንድ ረጅም የተላገ እንጨት ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። በመሃላቸው ሦስት ክንድ አይሞላም። ገበሬው ግን ፊቱን ወደ በያጁ አዙሮ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ጀመረ።

«ነፋሱ ዛሬ ጠና፤ አይደል? ይሁን፤ ቀለም ቶሎ ያደርቃል። እናትህ ደህና ናት? ጉልበቷን ያማት ነበር... ተሻላት? እሰየው። ቀስ ብለህ ሞርደው፣ አትቸኩል። ግሩም በር ነው። እውነቴን ነው፤ እንዲህ ያለ በር በዚህ ሰፈር የለም። ትናንት ስዘጋው ድምፁ እስከ ወንዙ ተሰማ፤ አህያዋ ሳትቀር ከተኛችበት ተነሳች። ለእኔማ ጥሩ ነው። እኔ እንደምታውቀው ብዙ አልናገርም፤ አሁን በሩ ይናገርልኛል።

«ፊደሉስ ብትል? እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ይሄንን ግን እኔ ቀርቶ ላሞቹም ከመስክ ሆነው ያነቡታል። ከእንግዲህ ከሚስቴ ጋር ስንት ዓመት እንደኖርን ብንረሳ ወጥተን ማንበብ ነው። ማን እንደሰጠን ብንረሳ ደግሞ... አይ፣ እሱን እንኳ አንረሳም።»

በያጁ ፈገግ አለ። ከውስጥ የስልኩ ድምፅ ጠፋ።

«ስጦታ መስጠት ችሎታ ነው፤ ታውቃለህ? ሁሉም ሰው አያውቅበትም። አንዳንዱ ስጦታ ሊሰጥ ሲነሳ ዓመት ያስባል። ምን ይወዳሉ፣ ምን ጎደላቸው እያለ ይጠይቃል፣ ይለካል፣ እንቅልፍ ያጣል... ሥራ የፈታ ሰው ነዋ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ግን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ልቡ ይነግረዋል። በአራት ቀን ነቅሎ፣ ተክሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሪባን አስሮ ይጠብቅሃል። ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምንድነው? እኔ እንኳ በግ ስገዛ ከዚህ የበለጠ እጠይቃለሁ።

«ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ የመጣልንን የግድግዳ ሰዓት አላየኸውም መሰለኝ። በየሰዓቱ ይዘፍናል። እኔ በዶሮ ጩኸት የምነሳ ሰው ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን ዶሮው ከሰዓቱ ጋር ተፎካክሮ ድምፁ ተዘጋ። ሚስቴ ሰዓቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እዚያም ሆኖ ይዘፍናል። ምን ለማለት ነው... አንዳንድ ሰው ለሰው ያለው ሐሳብ አይነጥፍም። አንዱን ሳትለምደው ሌላ ያመጣልሃል።

«የተቀመጥኩበትን እንጨት ነው የምታየው? ተወው፤ መቀመጫ ነው። ሁለት ዓመት ጣሪያ ሥር አድርቄዋለሁ። እንዳይጣመም በየወሩ እንደ በሽተኛ ሳገላብጠው ነበር። ለምን? ልቀመጥበት ነዋ። ሰው ሁለት ዓመት ደክሞ መቀመጫ ካገኘ ምን ጎደለበት? ድሮ እንኳ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። አሮጌውን መቃን በእጄ፣ ሳልሰነጥቀው አውጥቼ ይሄን በቦታው ላቆም። አሮጌውን ደግሞ... ለሙሽራ ልሰጥ። ሳቅ፣ ሳቅ፤ አትፈር። ሰው ለልጁ ሰርግ አልጋ ይሰጣል፣ ቁም ሳጥን ይሰጣል፤ እኔ ምስጥ የቀመሰው እንጨት። አንድ ደግ ሰው ቀድሞ ከዚህ ሐፍረት አወጣኝ።

«አንተ መቃኑን ሳታየው አትቀርም፤ አንተው አይደለህ ነቅለህ የወሰድከው? ጭረት ነበረበት። በየዓመቱ እህል ከገባ በኋላ ልጆቹን አንድ በአንድ እዚያ አስደግፌ በቢላ ጫር አደርግ ነበር። ለትልቁ አንድ ቀጥ ያለ፣ ለትንሿ ሁለት ጎን ለጎን። ከልጆቹ አንዱ ሲለካ ተረከዙን ያነሳል። አየዋለሁ፤ ግን ዝም ብዬ እጭርለታለሁ። አንድ ዓመት ማንሳቱን ረሳ መሰል፣ የአሥር ዓመቱ ጭረት ከአሥራ አንዱ በለጠ። እንግዲህ ወደ ታች ያደገ ልጅ ያለው አባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ገበሬው ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ሳበ።

«ትንሿ ሰባት ዓመቷ ሳለ እዚያ ተደግፋ፣ ‹ይሄ የማነው?› አለችኝ። ‹ስታገቢ ያንቺ ነው› አልኳት። ልጆችሽን ታስደግፊበታለሽ፣ ከእናንተ ጭረት አጠገብ ትጭሪላቸዋለሽ አልኳት። ይኸው ነገ ከልብስ ሰፊ ትመለሳለች። ልጅ ይረሳል ይላሉ፤ እሷ የረሳችው ነገር የለም። ነገ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ግን ምን ችግር አለ? ተምራለች፤ ጽሑፉን ታነበዋለች።

«ዘንበል ያለ ጭረትም ነበር። ከወገቤ በታች። አራት ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓመት... እህሉ ገባ፤ እሱ ግን አልቆየልንም። ትኩሳት ነው አሉን። ያኔ ፎቶ አንሺ ወደዚህ አይመጣም ነበርና ፎቶ የለውም። አንዳንድ ቤት ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፤ እኛ ቤት አራት ጭረት ነበር። እናቱ ስትጠርግ እዚያ ጋ ስትደርስ መጥረጊያውን ታዘገየዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ስትጠርግ አየኋት። ቶሎ ጨረሰች። ምን ይባላል... ሥራ የሚያቀል በር ነው።»

በያጁ ሞረዱን አቆመ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ማጠፊያውን አየ።

«ቀጥል እንጂ፤ ምን ሆንክ? እኔ ማንን ወቀስኩ? እንዲያውም ጥፋተኛውን ልንገርህ። አንድ ሰው አለ፤ ገመድ ሲገምድ የሚውል። ቃል ከጥርሱ አይወጣም። ከተማ ያለ ሰው ጋ ደወለና ‹ከሰርጉ በፊት የበሩ መቃን ይነሳል› አለ። አምስት ቃል። ለምን ይነሳል፣ ወዴት ይሄዳል፣ ማን ያነሳዋል... የለም። ዘጋው። እንግዲህ የሰማው ሰው ምን ያስብ? ‹ሠላሳ ዓመት አይቶት መረረው፤ ከዓይኔ አርቁልኝ ማለቱ ነው› ብሎ ቢያስብ... ይፈረድበታል?»

ይህን ሲል ገመዱ እጁ ላይ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲህ አስቦት አያውቅም፤ ነገሩን ከገዛ አፉ ነው የሰማው። ጉሮሮውን ጠረገ። ገበሬው እዚህ ላይ ቢያቆም ይችል ነበር። ግን የመናገር ልምድ ስለሌለው ማቆሚያውን አላወቀበትም።

«ቢሆንም... መልሶ መደወልስ አይቻልም ነበር? ‹የቱ መቃን? ለምን?› ማለት? አይ፣ ይቅር። ሥራ የበዛበት ሰው ነው። እኔ አንተን ልጠይቅህ። ግቢህ ሰፊ ነው አሉ። አሮጌ እንጨት አንተ ዘንድ ምን ይሆናል? ይነዳል፣ ወይስ ብረት ትቆርጥበታለህ? ... አትመልስልኝ፤ ፊትህ መለሰልኝ። አልነደደም። ይበቃኛል።

«በል እንግዲህ ጨርሰሃል። እስቲ ዝጋው... እንዴት ያለ ነው። ቅቤ የተቀባ ይመስል። እጅህ ይባረክ። ይህን በር ያሰበልንንም ሰው ፈጣሪ ያስብልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጆችም ይስጠው፤ ብዙ ልጆች፣ እንደ እሱ ቸር፣ እንደ እሱ ልበ ቀና። በሸመገለ ጊዜ ከሩቅ ይምጡለት። ምን ትፈልጋለህ እያሉ አያድክሙት። ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የቆየውን ነገር ራሳቸው ፈልገው ያግኙለት፣ ነቅለው ያውጡለት፣ በቦታው አዲስ ይትከሉለት፤ ቀይ ሪባንም ይሰሩበት። እሱም እንደ እኔ ደስ ብሎት፣ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ሲመርቃቸው ይዋል። አሜን በል እንጂ።»

በያጁ ሞረዱንና ግራሶውን ሰበሰበ።

ገበሬው ያን ጊዜ መቃኑን ሊያመጣ ወስኖ ነበር። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለና በያጁን ቀድሞ ወደ ብየዳው ግቢ ሄደ። መቃኑ እዚያ አለ። በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ተጋድሞ የብረት ዘንግ ተጭኖበታል። የብየዳው ፍንጣሪ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ ጥሎበታል። ገበሬው ዘንጎቹን አነሳ፣ ተንበረከከ፣ ታችኛውን ግማሽ በአውራ ጣቱ ከሥር ጀምሮ ዳሰሰው። መጋዙ ያለፈው ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ዘንበል ያሉት አራቱም አሉ።

ቀና ሲል የበኩር ልጁ አጠገቡ ቆሟል። እየሮጠ ሳይመጣ አልቀረም፤ የጫማው ግራና ቀኝ ተቀያይሯል። ገበሬው ጫማውን አየ፣ ልጁን አየ። ታችኛውን ግማሽ አንስቶ ለልጁ አሸከመው፤ ላይኛውን ራሱ ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። ልጁ እንጨቱን ትከሻው ላይ አላደረገውም፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎት ነበር የመጣው።

የሰርጉ ዕለት ታችኛው ግማሽ፣ ሦስቱም ልጆች ያሉበት፣ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ከሙሽራዋ ጓዝ ጋር ተጫነ። ገበሬው ከብረቱ በር እጀታ ቀዩን ሪባን ፈትቶ አስሮበታል። በሩን አልነካውም። ያደረቀው እንጨትም ደጅ ላይ ቀረ፤ ይቀመጥበታል።

ላይኛው ግማሽ ተረፈ፤ ተረከዝ የተነሳበት ጭረት ያለው። በማግስቱ የበኩር ልጁ ወደ ከተማ ሊመለስ እናቱን ሲሰናበት፣ ገበሬው የመኪናውን ኋላ ከፈተና እንጨቱን ሳይጠይቀው ጫነለት።