ስህተቱን አሳምረው ስለ ሠሩት ጓድና ስለ ታሰረችው ተማሪ

የምስክር ስም፦ ኦልጅራ ዲሳሳ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የሙያ ማሠልጠኛ መምህር
አድራሻ፦ አሶሳ አውራጃ፣ የሰፈራ መንደር 14
ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ሁንዴሳ ቡሴ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ስለ ተማሪ የወርቅውሃ ታረቀኝ የማውቀውን ተጠይቄ፣ ውሃ ለምኜ ከጠጣሁ በኋላ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

ተማሪዋ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ስትሆን በኅብረት ሱቅ ለመሥራት ትሠለጥን ነበር። ለማሠልጠኛው የቪዲዮ ካሜራ በዕርዳታ ስለ መጣ፣ የዕቃ ገዥ አቀባበልን በፊልም እንድናስተምር ታዘዝን። መጀመሪያ ስህተቱ፣ ቀጥሎ ትክክሉ ይታያል፤ ተማሪው አይቶ ይሠራል። ትክክለኛውን ሻጭ እኔ ሆንኩ። ስህተተኛውን የሚሆን ግን ጠፋ። ሰው ሁሉ "በፊልም የተያዘ ጥፋት ነገ ማስረጃ ይሆናል" እያለ ሸሸ። በዚህ ጊዜ የመንደሩ ካድሬ ጓድ ጎሹ "እኔን ማን ይከሰኛል? አምጡት!" ብለው ገቡበት። እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ ጥርሳቸውን በክብሪት እንጨት እየጎረጎሩ፣ ገዥውን ቀና ብለው ሳያዩ "ነገ ና!" አሉት።

ፊልሙ ለተማሪዎች ሲታይ ጓድ ጎሹ ከኋላ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ስለዚህ ስህተቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳልናገር "ሁለቱንም በደንብ እዩ" ብዬ አለፍኩ። የወርቅውሃ እጇን አውጥታ፣ "ጋሼ፣ የጓድ ጎሹን ነው አይደል የምንይዘው? እርስዎማ ለገዥው ሁሉ ብድግ ብድግ ሲሉ የፈሩ ይመስላሉ" አለች። ክፍሉ ሳቀ። ጓድ ጎሹም ሳቁ። እኔም አላረምኳትም።

ትናንት ረፋድ ላይ አንድ እንግዳ ልጅቷ የምትለማመድበት ሱቅ ገብተው ሳሙና ጠየቁ። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡ የበላይ አካል መሆናቸውን ልጅቷ አላወቀችም። እግሯን ሰቀለች፤ ክብሪቷን አወጣች። "ነገ ና!"

"እኔን ነው?" ቢሏት ጥርሷን መጎርጎር ቀጠለች። አብዮቱን ንቃለች ተብላ ታሰረች። እናቷ ከዚያ ወዲህ ከጣቢያው በር አልተነሱም።

አሥር አለቃው "እንግዲህ መምህር፣ ስህተቱ የትኛው ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። የጓድ ጎሹ ነው ብል ካድሬ ሰደብኩ። የእኔ ነው ብል የበላይ አካልን "ነገ ና" ያስባልኩት እኔ ሆንኩ። ዝም ብል ልጅቷ ታስራ ልትቀር ነው። ይህን ቃል ማን እንደሚያነበው ጠየቅኩ።

"ጓድ ጎሹ ናቸዋ!" አሉኝ።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ አስመዝግቤአለሁ፦ ስህተቱ የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ ጓድ ጎሹ ያለ አንዳች ልምምድ፣ እንደ ዕለት ሥራቸው አድርገው ስለ ሠሩት፣ እንኳን ልጅቷ እኔም ትወና መሆኑን ረስቼ ነበር። የልጅቷ ጥፋት እንዲህ ያለ ችሎታ ማየቷ ብቻ ነው።

ይህን ቃል ከራሴ ፍርሃት በቀር ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁ መሆኑን፣ ተነቦልኝም እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኦልጅራ ዲሳሳ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ አሥር አለቃ ሁንዴሳ ቡሴ

ጓድ ጎሹ አንብበው በእጃቸው ያከሉት፦ "ስለ ትወናዬ የተሰጠው ምስክርነት ትክክል ነው። እንግዳውን እኔ አስረዳለሁ፤ ልጅቷ ትፈታ። መምህሩ ግን ከመንደር እንዳይወጡ። ክፍል ሁለትን እንቀርጻለን።"