መረብ በተንሳፋፊው ይታወቃል

(ነሐሴ፣ የፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት። ጣና ዳር፣ ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት አፍ አጠገብ ባለችው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የቆርቆሮ መጋዘን በር ላይ የወንዙ አፍ ጠባቂ አያ ሽባባው ተቀምጠዋል፤ የሟች ባልንጀራቸው ልጅ ምኒችል ካፊያው እየወረደበት ቆሞ የተወረሰ መረቡን ይለምናል።)

ምኒችል፦ ነፋስ ነው አልኩዎት አያ! ነፋስ! ስንት ጊዜ ልማልልዎት?

ሽባባው፦ ነፋስ።

ምኒችል፦ ማዕበሉ ከመሐል ገፍቶ እዚህ ጣለው። መረብ እግር የለው፣ ውሃ ወደ ወሰደው ይሄዳል።

ሽባባው፦ እሺ፣ ነፋስ ይውሰደው። ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር የወንዙን አፍ ጥርቅም አድርጎ የዘረጋውም ነፋስ ይሁን። ግራና ቀኝ ችካል የተከለውስ? ችካሉን እኮ በመጥረቢያ አሹሎታል!

ምኒችል፦ እሱም ነፋስ ነው!

ሽባባው፦ እሺ! እንዲህ ያለ ባለሙያ ነፋስ ካለ እኔም ልቅጠረው፣ አጥሬ ወድቋል።

ምኒችል፦ ይሳቁ፣ ይሳቁ። ቁልፉ በእጅዎ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለው ነው መሰል።

ሽባባው፦ ምን በላሁ? ንገረኝ፣ ምን በላሁ? ሁለት ወር ሙሉ እዚች በር ላይ የበላሁት ጉንፋን ነው! ይኸው እግሬን እየው። ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ቀይ። ሹመቴ ይሄ ነው።

ምኒችል፦ እሱንስ ልጠይቅዎት ነበር። ምነው ጫማው አልገጠመም?

ሽባባው፦ ኤዲያ! የቤቴን ጉድ አታስወራኝ። የባለቤቴ የየሻረግ ክረምቱን ሙሉ ሥራዋ ነጠላ ጫማ ፍለጋ ሆኗል። ደጃፍ ያወለቅነው አያድርም። ባለፈው ጭራሽ የራሷን አረንጓዴ፣ ጠርዙ ተቀዶ በጎማ ክር የሰፋሁላትን አጣችው። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ጅብ ነው አልኳት።

ምኒችል፦ ጅብ ነጠላ ጫማ ይበላል እንዴ?

ሽባባው፦ የዘንድሮ ጅብ ምን የማይበላው አለ! ተወኝ፣ ነገር አታስቀይረኝ። መረቡ ያንተ ነው። ማን ነገረህ በለኝ። ተንሳፋፊው! ከዋንዛ እየጠረበ፣ መሐሉ ላይ መስቀል እየቀረጸ ተንሳፋፊ የሚሠራ በዚህ ዳር አባትህ አንሙት ብቻ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ሰው ስሙን ይክዳል። መረብ ግን በተንሳፋፊው ይታወቃል።

ምኒችል፦ አባቴን ካወቁት መረቡን ይስጡኝ ታዲያ! ከአሮጌ ጎማ ክር እየመዘዘ፣ እየፈተለ፣ አንድ በአንድ በጣቱ እየቋጠረ ሁለት ክረምት የፈጀበት መረብ ነው። ቅዳሜ በማኅበሩ ፊት ቤንዚን አርከፍክፈው ሊያቃጥሉት ነው? እጅዎ ይታዘዝልዎታል?

ሽባባው፦ ሁለት ክረምት አልክ። መቼ ነው የሠራው? ክረምት! ለምን? ወንዙ ደፍርሶ ሲመጣ ታንኳችንን ገልብጠን ጣራ ሥር ስለምንቀመጥ። አዛዥ የለብን፣ ደብዳቤ አልመጣብን። ዓሣዋ ልትወልድ ወደ ወንዙ ስትወጣ መንገድ እንለቅላት ነበር። ያን ጊዜ ክረምት መረብ መሥሪያ እንጂ መረብ መጣያ አልነበረም። አባትህ የሠራውን መረብ አባትህ በማይሠራው ሥራ አዋልከው። ከአያያዝ ይቀደዳል።

ምኒችል፦ ከአነጋገርም ይፈረዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የኔ መረብ ዓይን በደንቡ ነው! አራት ጣት ያሳልፋል። ይለኩት!

ሽባባው፦ ለክቼዋለሁ። ያሳልፋል። ዓይኑ ደግ ነው፣ የጣልክበት ቦታ ነው ክፉ። ስንት ይዞልህ እንደነበር ታውቃለህ?

ምኒችል፦ መች ላውቅ፣ እርስዎ ቀደሙኝ።

ሽባባው፦ ሰባ ሦስት ነጭ ዓሣ። የቻልኩትን ፈትቼ ለቀቅኩ። አንዷ ሞታ ነበርና ሆዷን ብሰነጥቃት እንቁላሉ እንደ ጤፍ እጄ ላይ ፈሰሰ። አንተ ልጅ፣ ያንተ ሚስት ባለፈው ዓመት ምጥ ሲይዛት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ባያስወጣት ምን ትለው ነበር?

ምኒችል፦ …እሱን አያንሱብኝ።

ሽባባው፦ አነሣዋለሁ! እናቲቱ ዘንድሮ ካልወለደች የዛሬ ሦስት ዓመት ምን ልታጠምድ ነው? እንቁራሪት?

ምኒችል፦ ይህን የማላውቅ ይመስልዎታል? ችካሉን ስመታም እያወቅኩ ነው የመታሁት። ግን አያ፣ እኔ ብተወው ዓሣዋ አትድንም እኮ! ሰኔ ላይ ዝጉ አላችሁ፣ ዘጋሁ። ታንኳዬን ገለበጥኩ። በምትኩ እምቦጭ ነቀላ ትገባላችሁ ተባልን፣ ስማችን ተጻፈ፣ እስከ ዛሬ የጠራን የለም። ሁለት ወር እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ያ ሞተር ጀልባ ዱ ዱ ዱ ይላል። የማይታይ ላስቲክ መረቡን ዘርግቶ ጠርጎ ይሄዳል። ፍልሰታ ሲገባማ ከከተማ ዓሣ ፈላጊው ዳር ድረስ እየመጣ ይሻማለታል! ሚስቴ ምን አለችኝ? «አንተ ሕጉን ትጠብቃለህ፣ ሕጉ ማንን ይጠብቃል?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ሽባባው፦ የሞተሩን ነገር አታንሳብኝ። እሳት ነው የሚለኩስብኝ።

ምኒችል፦ አሁን ደግሞ እኔ አነሣዋለሁ! ሞተሩን ሳትይዙ ታንኳውን ትይዛላችሁ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው።

ሽባባው፦ በምን ልያዘው? በደንገል ታንኳ ሞተር ይደረስበታል? እኔ አሥር ጊዜ ሳልቀዝፍ እሱ ማዶ ደርሶ ይሰወራል። ወገቤ አልቋል! ባለፈው ማክሰኞ እንኳ ጭጋጉን ተገን አድርጌ ተጠጋሁት። ሲያየኝ መረቡን በቢላ ቆርጦ ጥሎት ሄደ። ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው፤ ኮፍያ ደፍቷል። ሁለት ወር ለፍቼ ያገኘሁት የአንድ ሌባ ጀርባ!

ምኒችል፦ እኔስ ፊቴን ስላሳየሁ ነው የምቃጠለው?

ሽባባው፦ መረብህ ነው የሚቃጠለው።

ምኒችል፦ ምን ልዩነት አለው? ወንዙ መስከረም መጨረሻ ሲከፈት ምን ይዤ ውሃ ልገባ ነው? ያለመረብ እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም፣ የሰው ታንኳ ቀዛፊ ነኝ። አባቴ የተወልኝ እሱን ነው። መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ። አያ፣ በአባቴ አጥንት…

ሽባባው፦ በአጥንቱ አትለምነኝ። አንድ ነገር ስጠኝ፣ እኔም አንድ ነገር ልስጥህ። የማኅበሩ ደንብ ይፈቅድልኛል፤ ትልቁን አጥፊ የጠቆመ መረቡ ይመለስለታል። የሞተሩን ሰውዬ ስም ንገረኝ፣ መረብህን አሁኑኑ አውጥቼ ትከሻህ ላይ አደርግልሃለሁ።

ምኒችል፦ አላውቀውም።

ሽባባው፦ ሁለት ወር ድምፁን የሰማህ ሰው ፊቱን አላየህም?

ምኒችል፦ ኮፍያ ይደፋል አላሉም?

ሽባባው፦ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ! ጠላ ቤት ስትገቡ ሞተር፣ ሞተር። ስም አምጡ ሲባል አፋችሁ ውሃ ይሞላል። ልጄን ታድሎን እንኳ ጠየቅኩት። በሞተር ጀልባ ተሳላሚ ወደ ደሴቱ ገዳም ሲያመላልስ የሚውል እሱ ነው፣ ከሱ የተሻለ ማን ያያል? «አባዬ ማንንም አላየሁ» አለኝ። ታድሎ ደግሞ ዋሽቶኝ አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ድክም ብሎት ነው የሚገባው። እንደሱ ላባችሁን አንጠፍጥፋችሁ ብትበሉ እኔም እዚህ ባልተጣድኩ!

ምኒችል፦ ታድሎስ… ጎበዝ ሠራተኛ ነው።

ሽባባው፦ ስም!

ምኒችል፦ ይተዉት አያ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ሽባባው፦ ይውጣ! በዚህ ዕድሜዬ ዘንዶ ልፈራ ነው?

ምኒችል፦ እንግዲያው ያቃጥሉት።

ሽባባው፦ ምኑን?

ምኒችል፦ መረቤን። ቅዳሜ ያቃጥሉት። ከኔ አፍ ስም አይወጣም።

ሽባባው፦ እንዴ! አሁን እግሬ ላይ ልትወድቅ ትንሽ ነበር እኮ የቀረህ! የአባቴ፣ የአባቴ ስትል አልነበር? ለማን ብለህ ነው የምታስቃጥለው? ምን አቅምሶህ ነው?

ምኒችል፦ ምንም! አንድ ዓሣ ከእጁ የቀመስኩ እንደሆነ ይሄ ውሃ ይብላኝ!

ሽባባው፦ ግድ የለም። አንተ ዝም በል፣ ጆንያው ይናገራል።

ምኒችል፦ የምን ጆንያ?

ሽባባው፦ ይኸው፣ ጥግ ላይ የሚሸተው። ሞተረኛው ማክሰኞ ቆርጦ የጣለው መረብ ነው። ዝናቡ ሲያወርደው መነጽሬም ጉም ለብሶ ስለነበር ምኑንም ሳላይ ጠቅልዬ ወተፍኩት። ቅዳሜ ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቄሱም ሽማግሌውም ባለበት፣ አፉን እፈታዋለሁ። ተንሳፋፊው የማን እንደሆነ መቼም አንድ ሰው አይጠፋም የሚለየው። ያን ጊዜ የዚያን ሰውዬ አባት ፊት ማየት ነው የምፈልገው!

ምኒችል፦ ቅዳሜ አይፍቱት።

ሽባባው፦ አሃ! ነካሁህ።

ምኒችል፦ አያ፣ ስለ እግዚአብሔር። ዛሬ ይፍቱት። ብቻዎን፣ በሩን ዘግተው። እኔ ልሂድልዎት።

ሽባባው፦ ቁም! የትም አትሄድም። አንተም እጅህ አለበት ማለት ነው! አሁን እዚሁ ፊትህ ነው የምፈታው። ና፣ ጫፉን ያዝ።

ምኒችል፦ አልይዝም።

ሽባባው፦ ያዝ አልኩህ! …ኡፍፍ፣ ሽታው ይገድላል። ይኸው ላስቲኩ። በስመ አብ! ዓይኑን እየው፣ አራት ጣት ቀርቶ አንዲት ጣት አያሳልፍ። ለነገ ምንም ላያስቀር ነው የመጣው። ተንሳፋፊው ደግሞ… ምንድን ነው ይሄ? ነጠላ ጫማ! የነጠላ ጫማ ሶል በክብ በክብ ተቆርጦ! ሰማያዊ… ቀይ… ሌላ ሰማያዊ… እሰይ! ይሄማ ቀላል ነው። የማን ቤት ጫማ እንደጠፋ መጠየቅ ብቻ…

ምኒችል፦ አያ፣ ይቀመጡ።

ሽባባው፦ …ቆይ።

ምኒችል፦ ይቀመጡ፣ መረቡን ልያዝልዎት።

ሽባባው፦ መነጽሬ ይሆናል። አንተ እይልኝ። ይቺ አረንጓዴዋ። ጠርዟ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ምኒችል፦ ስፌት ነው።

ሽባባው፦ በምን ክር?

ምኒችል፦ …በጎማ ክር።

ሽባባው፦ በጎማ ክር። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ እኮ። ጅብ ነው አልኳት።

ምኒችል፦ ማንም አላየም። መልሰን እንቋጥረው። እኔም አላየሁም።

ሽባባው፦ ካወቅክ ስንት ጊዜህ ነው?

ምኒችል፦ ከሐምሌ ጀምሮ።

ሽባባው፦ ሌላውስ ሰው?

ምኒችል፦ በዚህ ዳር የማያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት። ስም የነፈጉዎት ሞተሩን ፈርተው አይደለም፣ እርስዎን አፍረው ነው። ጠላ ቤት ግን አያፍሩም፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔም ከተነጋገርን አይቀር እውነቱን ልንገርዎት። ያን ችካል የመታሁት ተርቤ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው! አባት በሩን ይጠብቃል፣ ልጅ ሐይቁን ይጠርጋል፣ እኔ ደግሞ ምን ሆኜ ነው የምጾመው አልኩ። በታድሎ የተቃጠልኩትን በዓሣዋ ተወጣሁት። ይኸው ነው።

ሽባባው፦ እንካ።

ምኒችል፦ ምንድን ነው?

ሽባባው፦ ቁልፉ። መረብህን አውጣና ሂድ። በጓሮ በኩል ውጣ።

ምኒችል፦ አልወስድም።

ሽባባው፦ ቅድም በእንባ ስትለምነኝ…

ምኒችል፦ ቅድም እምቢ ያሉኝን አሁን ለምን ይሰጡኛል? ቅድም ብወስደው መረቤ ነበር። አሁን ብወስደው የአፌ መዝጊያ ነው። አባቴ ለዚህ አልቋጠረውም።

ሽባባው፦ …ቁርጥ አንሙትን። እሱም እንዲህ ነበር፣ ሲቆጣህ አታፍርም፣ ሲያዝንልህ ግን ያሳፍርሃል። ቁልፉን መልስልኝ።

ምኒችል፦ ይኸው። ምን ሊያደርጉ ነው?

ሽባባው፦ ቤቴ ሁለት ጥቅል የጎማ ክር አለኝ፣ ጣቴም ገና ቋጠሮ አልረሳ። ወንዙ እስኪከፈት ከአርባ ቀን በላይ አለን። ከነገ ጀምረህ ጣራዬ ሥር ና፣ አዲስ መረብ እንቋጥርልሃለን።

ምኒችል፦ የአባቴ መረብስ?

ሽባባው፦ ይቃጠላል።

ምኒችል፦ ጆንያውስ?

ሽባባው፦ እሱ ይቀድማል። ቅዳሜ ክብሪቱን አንተ ይዘህ ና። እኔ ልጄን ይዤ እመጣለሁ።