ከኩሬው ሥር የገባው ገመድ

በኛ ጊዜ መሬት የሚለካው ከላይ ብቻ ነበር። ከታችም ድንበር አለው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። ደርግ ወድቆ መሬት ሲደለደል ገመድ ይዤ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። ታዲያ ኋላ ኩሬውን በምግብ ለሥራ ቆፍረን፣ ዙሪያውን በድንጋይ ክበን ስንጨርስ የውሃ አባት አደረጉኝ፤ ውሃ በተራ ማጠጣት፣ ቦይ ማስጠረግ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ ሁሉም በኔ ጫንቃ።

ከዚያ ኦፓሉ መጣ። ከገደሉ ውስጥ የሚያበራ ድንጋይ ወጣ፣ ወገል ጤና ከተማ ላይ ገዢ ተሰልፏል ተባለና ወጣቱ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ዶማውን ይዞ ገደል ለገደል። የኔው ልጅ ጌታሁን፣ ይኸው አጠገባችሁ የተቀመጠው፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ ሆነ። እና እኔ ለኩሬው ፈራሁና ዙሪያውን አርባ አርባ ክንድ ለክቼ ድንጋይ ተከልኩ፤ ቄሱ ባሉበት ከዚያ ድንጋይ ወዲህ ጉድጓድ ላይከፍቱ ማሉ። መሐላቸውንም ጠበቁ። እኔም አርፌ ተኛሁ።

ታዲያ አንድ በጋ ውሃው ይጎድል ጀመር። አይጥ ነው አልን፣ ፍልፈል ነው አልን፤ ጭቃ ከጭድ አቡክተን ስንጥቁን መረግነው። በሳምንቱ ደግሞ ተሰነጠቀ። ደግመን መረግነው። ስንቱን ጭቃ እንዳቦካሁ እኔና ወገቤ ነን የምናውቀው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደክሞኝ ካቡ ላይ ቁጭ ብል፣ ከመቀመጫዬ በታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። የዶማ ድምፅ ነው።

ወደ ገደሉ ወረድኩና ልጄን ምን እየሠራችሁ ነው አልኩት። እሱ ረጋ ብሎ፣ እንዲህ አቧራውን እያራገፈ፣ «አባየ፣ ድንጋይዎን መች አለፍን? የዋሻችን አፍ የት እንዳለ አያዩም?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አፉ ታች ገደሉ ላይ ነው። ግን ኦፓሉ የተኛበትን መስመር ተከትለው ወደ ውስጥ ሲሄዱ፣ ከላያቸው ምን እንዳለ ማን ይንገራቸው? ድንጋዩን ከላይ ብቻ የተከልኩት እኔ ነኝ። ያንኑ የድልድል ገመዴን አመጣሁና በእንብርክኬ ገባሁ፤ አምስት ገመድ ተኩል ሆነ። ወጥቼ ያንኑ አምስት ገመድ ተኩል ከዋሻው አፍ አናት ጀምሬ በዚያው አቅጣጫ ከላይ ዘረጋሁት። ልጄ ጫፉን ይዞ እየሄደ፣ እየሄደ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆመ፤ አምስቱ ገመድ ተኩል ገና አላለቀም።

ዘወር ብሎ አየኝና «አባየ፣ ውሃው በላያችን ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋሻው በድንጋይ ካልተሞላ ኩሬው ይሰምጣል፤ ለመሙላት ሰው መግባት አለበት፤ ሰው እንዲገባ ደግሞ ውሃው መለቀቅ አለበት። በኩሬው የሚጠጣው ሽንኩርት ደግሞ ገና ሁለት ውሃ ይቀረዋል። ዘነበች፣ አንቺ እዚያ ያለሽው፣ ምን አልሽኝ? «አያ ይመር፣ ልጆቼን የማሳድርበትን ማሳ ሊያደርቁብኝ ነው?» አልሽኝ። እኔም ከሥሩ ሰው ይገባል አልኩና የኩሬውን መዝጊያ ከፈትኩት። ያ ሁሉ ውሃ ወደ ገደሉ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ሽንኩርቱ ደረቀ፤ ይቺ ሴት ዓመት ሙሉ ሰላም አላለችኝም፤ እውነት አላት።

ቆፋሪዎቹ ልጆች ያወጡትን ድንጋይ መልሰው አስገቡ፤ እንደ እርከን እየካቡ እስከ ጣራው ሞሉት። በክረምቱ ኩሬው ውሃ ያዘ። አንዲት ጥግ ብቻ ዝቅ አለች፤ ዛሬም ትታያለች። ከዚያ ወዲህ ይቺን ገመድ ይዤ በየወሩ በየዋሻው እየገባሁ እለካለሁ፣ ከላይ ዘርግቼ አያለሁ፣ ኩሬው ሥር ሳትደርሱ አቁሙ እላለሁ። ዓመት አልፎ ዓመት ይኸው ነው ሥራዬ። ደከመኝ፣ ልጆቼ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።

ጌታሁን ባለፈው ገመዱን ለኔ ይስጡኝ አለኝ። አምንሃለሁ ልጄ፣ ግን አንተ ቆፋሪ ነህ፤ የሚያበራው ድንጋይ ፊትህ ሲሆን ገመድ መዘርጋቱን ትረሳዋለህ። እኔም በቦታህ ብሆን እረሳዋለሁ። ታዲያ ለማን ልስጠው?

ይህን ጊዜ ዘነበች ከተሰብሳቢው ኋላ ተነሣች። «ለኔ ይስጡኝ፣ አያ ይመር። ዘንድሮም ሽንኩርት ተክያለሁ» አለች።

አያ ይመር ሳቁና ገመዱን ከጭናቸው አንስተው ዘረጉላት።

«በይ እንግዲያ፣ ከልጄ ዋሻ ጀምሪ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»