የወይዘሮ ሥራነሽ ምስክርነት

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከይጁቤ ከተማ መድኃኒት ይዤ ወደ ጤና ጣቢያዬ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ወደ ቅርቡ ቤት ሮጥኩ፤ የወይዘሮ ሥራነሽ ቤት መሆኑን ያወቅሁት ደጃፉ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። በዚያ መንደር በድሬሰርነት፣ ማለት በጤና ረዳትነት፣ ሁለት ዓመት ስሠራ እኒህ ሴት ክርስትናም ሆነ ማኅበር ተጠርተው ሲሄዱ አላየሁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰው ኩሩ ናቸው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ አራስ ቤት የማይገቡት ልጅ ስለሌላቸው ቀንተው ነው ይላል። እኔም ሳላጣራ አምኜ ነበር።

"ግባ ሐኪም፣ አትበስብስ" አሉኝ።

ያለችውን አንዲት በርጩማ ለእኔ ሰጥተው እሳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማልችልበት ብሶቴን አወራላቸው ጀመር።

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ የአራሷን የታየችን ልጅ እንጥል ሊቆርጡት ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ ለመንኳት፤ በሥዕል ሳይቀር አሳየኋት። እንጥሉ ካልተቆረጠ አብጦ ያንቀዋል ብላ ድርቅ አለች። አማቷም የሚሉት ይህንኑ ነው።"

ወይዘሮ ሥራነሽ እሳቱን መቆስቆስ ተዉ።

"ሐኪም፣ የሦስት ወር ልጅ ስንት ደም አለው?"

የተማርኩትን የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ "ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው" አልኩ። ይህ መልሴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"እኔ የበለጠ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ነጠላዬን አርሶ፣ ቀሚሴን አርሶ፣ ቁርበቱ ላይ ወርዶ ነበር።"

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ኃይለ ሚካኤል የሚባል የሦስት ወር ልጅ ነበራቸው። ባላቸው እርሻ ላይ ሳሉ እንጥል ቆራጩ መጣ፤ ቆርጦ፣ ምሳውን በልቶ ሄደ። ደሙ ግን አልቆመም። ሕፃኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ቆራጩ ምች መትቶት ነው አለ፤ እሳቸውም እንዲያው አሉ፤ ለቀስተኛውም አጽናንቶ ተበተነ።

"ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። "እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እንዳይወራጭ አጥብቄ እይዘዋለሁ። ይህን ከንስሐ አባቴ በቀር የሰማ የለም። ከዚያ ወዲህ የሰው ሕፃን ማቀፍ ፈራሁ።"

"እትዬ ሥራነሽ፣ ጥፋቱ እኮ ያለማወቅ ነው።"

"አታቅልልብኝ" አሉ ቆጣ ብለው። "ያለማወቅ አልያዘውም። እኔ ነኝ የያዝኩት።"

እውነታቸውን ነበር። "እንግዲያው ይህንኑ ለታየች ይንገሯት" አልኳቸው።

"ምን ነካህ? ንስሐ ገብቻለሁ፣ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ቁስሌን አደባባይ ማውጣት ለምን ይበጃል? ደግሞስ ልጅ የሌላት ሴት ቀንታ ነው አይሉኝም?"

"ሊሉ ይችላሉ። አልዋሽዎትም።"

"ታዲያ ተወኝ።"

ዝናቡ አላባራም። እኔ አስኳላ ከመግባቴ በፊት ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓት የረዳኝም የጤናው ትምህርቴ ሳይሆን ያኛው ነበር።

"ነገ ዳግም ትንሣኤ ነው። ወንጌሉ ምን ይላል?"

"ቶማስ ካላየሁ አላምንም አለ። ጌታም ቁስሉን አሳየው።"

"ሞትን ያሸነፈ ጌታ የችንካሩን ምልክት ማጥፋት ያቅተው ነበር?"

"ምን ያቅተዋል።"

"ታዲያ ለምን አስቀረው?"

"ለቶማስ" አሉ። "ለሚጠራጠረው።"

"ታየችም ተጠራጥራለች። የእኔን ሥዕል አላመነችም። እግዚአብሔር ልጅዎን የወሰደው ለዚህ ነው አልልም፤ እንዲያ የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት። ነገር ግን ከቀረልዎ ሐዘን መልካም ነገር ሊያወጣ ይችላል እላለሁ።"

"እኔን ከጌታ ጋር አታወዳድረኝ።"

"አላወዳድርዎትም። እሱን የሚከተል ሰው ግን ከእሱ ይማራል።"

ዝናቡ ሲያባራ "ደህና ግባ" ብለው ሸኙኝ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አየኋቸው። እንደ ልማዳቸው ከሴቶቹ ተለይተው አጥሩ ሥር ቆመው ነበር። ቅዳሴው እንዳለቀ ከማንም ሳይነጋገሩ ሄዱ። እምቢ አሉ ብዬ አዘንኩ።

ታየች ቤት ስደርስ ቆራጩ እንጥሉን የሚቆርጥበትን የፈረስ ጭራ እየፈተለ ነው። አማቲቱ ሕፃኑን ታቅፈዋል። ልናገር ብል "ሐኪም፣ ጠላህን ጠጣና አትነዝንዘን" አሉኝ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሥራነሽ ገቡ። እዚያ ቤት ገብተው ስለማያውቁ ሰው ሁሉ ተነሣላቸው።

"ራሱን የሚይዘው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኛ" አለች ታየች።

"የኔንም ልጅ የያዝኩት እኔው ነበርኩ።"

ቆመው ከመጀመሪያው ጀምረው ተናገሩ። አልጮኹም፤ አውራ ጣቶቻቸው የት የት እንዳረፉ በገዛ ጉንጫቸው ላይ አሳዩ። "ምች ነው ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው" አሉ።

ቆራጩ "እግዜር የጠራውን ማን ያስቀራል?" ብሎ ጀመረ።

"እግዜርን ተወው። አንተም ነበርክ፤ ምሳህን በልተህ ሄድክ።"

አማቲቱ ጣልቃ ገቡ። "እኔ ስድስት ልጅ አስቆርጫለሁ። ምን ሆኑ?"

"ስድስቱም አሉ?" ብለው ጠየቋቸው ወይዘሮ ሥራነሽ በለሰለሰ ድምፅ።

አማቲቱ ቆራጩን አዩት፤ ከዚያ ሕፃኑን አዩት።

"ሁለቱ የሉም" አሉ። "ምች ነው ተብዬ ነበር።"

አማቲቱ ራሳቸው ሕፃኑን ለታየች ሰጧት፤ እሷም ጡት አጎረሰችው። ቆራጩ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ተቀመጥ ያለው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያን ቀን እስከ መስከረም ድረስ በዚያ መንደር ዘጠኝ ሕፃናት ሳይቆረጡ ቀሩ፤ አንድም የታነቀ የለም። ጉሮሮው ያመመው ወደ ጤና ጣቢያው መጣ፤ በመድኃኒትም ዳነ። እኔ ሁለት ዓመት በሥዕል ለፍቼ ያቃተኝን አንዲት ሴት ሐዘኗን ባለመደበቋ አደረገችው። ሐዘናችንን ቆልፈን ብናስቀምጠው እኛኑ ይበላናል፤ ለእግዚአብሔር ብንሰጠው ግን ለሌላው መትረፊያ ያደርገዋል። የወይዘሮ ሥራነሽ ብቸኝነት ጠፋ ብዬ ግን አልዋሽም። አሁን ሴት በወለደች ቁጥር ይጠራሉ፤ ሲመሽ ግን የሚገቡት ወደዚያው ባዶ ቤት ነው።

አንድ ቀን ከአራስ ቤት ስንመለስ፣ ደጋግሞ መናገሩ አይከብድዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ይከብደኛል" አሉ። "ግን ልጄ ሦስት ወር ብቻ ኖሮ፣ ለምንም ሳይሆን የሞተ ይመስለኝ ነበር። አሁን የገባሁበት ቤት ሁሉ ስሙን እጠራለሁ፣ የሰው ልጅም ይተርፋል። ሥራ አለው እኮ ልጄ።"