ብቻውን የማይነድ ዱቄት

ኅዳር 2006 ዓ.ም.፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለሌለው ሰው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ባለቀ በሳምንቱ፣ ጅዳ ውስጥ ሐበሻ ሐበሻን መጠርጠር ጀመረ። እኔ ሙላቱ የአየር መንገድ ጭነት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀቴም የተሟላ ነው። ቢሆንም ከጉለይል ሰፈር ዳቦ ቤት ዐሥራ ሁለት ዳቦ ይዤ ስወጣ፣ ለአንድ ወንደላጤ ይህ ሁሉ ምን ይሠራለታል እንዳልባል በጋዜጣ ጠቅልዬው ነበር።

ዳቦው የዙበይዳና የሁለት ጓደኞቿ ነበር። ከአሠሪዎቻቸው ቤት የወጡ፣ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ናቸው። የዙበይዳ አጎት ሐጂ ተማም በሚጠብቁት መጋዘን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ደብቀዋቸዋል። ሐጂ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ምስጢሩን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

መንገዱን ሳቋርጥ ከሚፍታህ ጋር ተገጣጠምን። መካ የተወለደ፣ በወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ የሚሠራ ወጣት ኬሚስት ነው። በብብቱ ፋይል ይዟል። በዚያ ሰሞን ፋይል የያዘ ሰው ሁሉ ጃሱስ፣ ሰላይ፣ ይመስለኝ ነበር።

«ጋሽ ሙላቱ፣ አላህ ነው ያገናኘን። የሐጂ ተማምን መጋዘን ያሳዩኛል?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«እናቴ የውሃ ታንከሯን ልታጥብበት ከሳቸው ነጭ ዱቄት ወስዳ ነበር። መረመርኩት፤ አልወደድኩትም።»

አላውቀውም ልለው ነበር። ነገር ግን ሐጂ ራሳቸው ከማዶ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆነው በስሜ ተጣሩ። እንግዳውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ልጅ ማን ነው? አሠሪው ከፊል ነው የላከህ ወይስ የፓስፖርት ፖሊሱ ጀዋዛት?»

«ማንም አልላከኝም፣ ሐጂ። የመጣሁት ስለ ዱቄቱ ነው።»

«አንተ ስለ ዱቄት አሥር ጥያቄ ትጠይቅና በአሥራ አንደኛው ስለ ሰው ትጠይቃለህ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው።»

«ታዲያ ዱቄቱን ለምን አልጠረጠሩትም?»

ሐጂ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። «እሱንማ ፈትኜዋለሁ። ሳህን ላይ አድርጌ ክብሪት ለኮስኩበት፤ አልነደደም። ኸላስ። የማይነድ ነገር ያው አሸዋ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው አምን ነበር። ሐጂ በዚህ እምነት የዱቄቱን ጆንያዎች ከሰጋቱራ ከረጢትና ከአሮጌ ዘይት ጀሪካኖች ጋር ደርድረው፣ የልጆቹን በር የሚከልል ግድግዳ ሠርተዋል። ማክሰኞ ዕለት ፈታሾች መጥተው የዱቄቱ የበረኪና ሽታ ቢያስነጥሳቸው ከደጅ ተመልሰዋል። ሐጂም በብልሃታቸው ኮርተው ነበር።

ሚፍታህ ግድግዳውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐጂ፣ የፈተኑት ብቻውን ነው። ይህ ዱቄት ብቻውን አይነድም፤ ሌላውን ነው የሚያነድደው። እሳት የሚቃጠል ነገርና ኦክስጅን ይፈልጋል። ዱቄቱ ኦክስጅኑን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል፤ ሰጋቱራ ሲያገኝ ይሰጠዋል። ዘይት ከፈሰሰበት ክብሪት እንኳ ላይጠብቅ ይችላል። እኛ ኦክሲዳይዘር እንለዋለን።»

«በምን አወቅህ? በጠረኑ?»

«በጠረኑማ አይታወቅም። መጀመሪያ የዱቄቱን ዓይነት እናያለን። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ወይም ከክሎሪን ጋር ተጣብቆ ካገኘነው እንጠረጥረዋለን። ከዚያ ከደረቀ የወረቀት ብናኝ ጋር በልክ ቀላቅለን በጋለ ሽቦ እንለኩሰዋለን። ጎን ለጎን ጠባዩ የታወቀ ሌላ ዱቄት በዚያው መንገድ እናነዳለን። የተጠረጠረው ከታወቀው እኩል ወይም ቀድሞ ነዶ ካለቀ፣ ተፈረደበት።»

«ያለ ምስክር አትፈርዱም ማለት ነው» አሉ ሐጂ፤ ነገሩ ትንሽ የጣማቸው መሰለኝ። ወዲያው ግን «እንግዲያው እዚሁ አሳየኝ» አሉ።

«እዚህ እሳት አልጭርም።»

«አየህ? ውሸትህን ነው።»

ሚፍታህ ሳይቆጣ ስልኩን አውጥቶ በላቦራቶሪ የቀረጸውን አሳያቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓቸውን፣ አወጡና የነዲዱን ጊዜ በፍሬው ቆጠሩ። የታወቀው ዱቄት ነዶ እስኪያልቅ ሰባ ሦስት ፍሬ አለፈ። የእሳቸው በሃያ ስድስት አለቀ። እንደገና ክፈት አሉት፤ ቆጠሩ፤ ያው ሆነ። ፍርሃታቸው ወደ እኔም ተጋባ።

«ከጆንያው ጀርባ…» አሉና ወደ እኔ ተመለከቱ። «ከጆንያው ጀርባ ሰው ቢኖርስ?»

ሚፍታህ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። «በሩ ተቆልፏል?» ብቻ አለ።

«በውጭ በኩል።»

ፋይሉን መሬት ላይ ጣለና የመጀመሪያውን ጆንያ ማንሳት ጀመረ። ሐጂ ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ ብትጠቁምብኝስ?»

«ብጠቁም ፖሊስ ይይዛቸዋል፤ የተያዘ አገሩ ይገባል። እሳት ከያዛቸው ግን ለእናቶቻቸው ምን ብለው ይደውላሉ?»

ሐጂ ክንዱን ለቀቁት። ከዚያ እሳቸውም፣ እኔም ተሸከምን። ጆንያዎቹን ራቅ ካለው ባዶ ክፍል፣ ደረቅ ጣውላ በሌለበት ሲሚንቶ ላይ አኖርናቸው። ሰጋቱራውንና ዘይቱን በሌላ በኩል አወጣናቸው። ሚፍታህ በየጆንያው ላይ እሳት ከክብ በላይ የሚነድበትን ቢጫ ምልክት ለጠፈ። ያንን ምልክት በሥራዬ ቦታ በየቀኑ አየዋለሁ፤ እዚህ ግን ስላልተለጠፈ ብቻ ሳልጠይቅ ዳቦ እያቀበልኩ ኖሬያለሁ። አፈርኩ።

የዚያ ቀን ጥቅም ብዙ ነው። ሐጂ ዛሬ ምልክት የሌለው ጆንያ አይቀበሉም፤ ዱቄት ሲመጣ «ይሄስ ከማን ጋር ቢሆን ነው የሚነደው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰው በልማድ ያመነውን ነገር በልክና በምስክር ቢፈትን ራሱንም ጎረቤቱንም ያድናል። ወንድሜን እንደ ጠላት ስጠረጥር እውነተኛው ጠላት፣ ዱቄቱ፣ በጠረኑ ከለላ ሆኖኝ ነበር።

ልጆቹን በዚያው ማምሻ ወደ ሚፍታህ እናት ቤት፣ ወደ መካ ልንወስዳቸው ቁልፉ ተከፈተ። ሐጂ ዙበይዳን «መቆለፉ ይከብድሽ ነበር?» አሏት።

«አጎቴ፣ ለእኛ ብለው ነው የቆለፉት ብለን ዝም አልን» አለች። «ግን ዐሥራ አንድ ሌሊት ሦስታችን አንድ ላይ ተኝተን አናውቅም። እሳት ቢነሳ ጭሱ እንዳያመልጠን በተራ አንዳችን እንነቃ ነበር።»

ሐጂ በባዶው ደፍ ላይ ተቀመጡና ቁልፉን ለእሷ ሰጧት።